ለበረዶ የተሠራው ሞተር

መብራት በጠፋ ቁጥር ኡራኤል አጠገብ ያለው ካፌ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። የቤንዚን ጭስ ሲሸተኝ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ እነሳለሁ። አስተናጋጇ ጫጫታው ያስመረረኝ ይመስላታል።

ካዛንቺስ ሳለን አባቴ አገር ከሚለቅ ፈረንጅ ላይ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ገዝቶ መጣ። ቀይ፣ አፈ ሰፊ ነገር ነው። ሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ አደረገን፤ «በረዶው መቼ ነው የሚገባው?» ይሉታል። እሱ የፈለገው ሞተሩን ብቻ ነበር። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና፣ በዚያ ሞተር የበርበሬ ወፍጮ በራችን ላይ ተክሎ ከመንገድ ሊያርፍ አስቧል። «ትንሽ ልሥራና በቃ፣ ቤቴ ቁጭ እላለሁ» ይለን ነበር።

ወፍጮው ግን ከዓመት ዓመት ተላለፈ፤ እስከዚያው ሞተሩ ቆሞ እንዳይበላሽ አደራው የኔ ሆነ። አባቴ ከጉዞ እስኪመለስ ዘይቱን ቀይሬ መጠበቅ አለብኝ፤ ጥንቃቄ ያበዛ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት አስነስቼ አሞቀዋለሁ፤ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣው ሲሞቅ ነው ብሎኛል። ከዚያ አጥፍቼ አሮጌውን በተቆረጠ ጀሪካን አወርዳለሁ፣ የካንዴላውን ጥቀርሻ በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፣ አዲስ ዘይት ሞልቼ ገመዱን እጎትታለሁ። ያኔ ጎረቤታችን ጡረተኛው ጋሼ በመስኮት ብቅ ይላሉ። «አንቺ ልጅ፣ ጆሮዬን ፈጀሽው እኮ።»

አባቴ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የዘይት መለኪያውን መዝዞ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። «ንጹሕ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የሚስመኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሞተሩን ሳስነሳ ጋሼ አልጮሁም። እንዲያውም ወጥተው ጀሪካኑን ያዙልኝ። ዘይቱ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ፤ አላስተዋሉትም። ቤት ውስጥ የጎረቤት ሴቶች ምግብ ይዘው መጥተው እናቴን «ብዪ እንጂ፣ ትንሽ ጨምሪ» እያሉ ይለምኗታል። እኔ ደስ ብሎኛል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳልተቆጡኝ ለአባዬ እነግርልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ቀስ ብለሽ ሙዪው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፍታ ደጁን የሞላውን ሰው ስታይ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ጮኸች። የአባቴ መኪና መንገድ ላይ ተገልብጦ ኖሯል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ፣ መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነውና እስኪነጋ እህል እንድንቀምስ ጠብቆልናል። የዚያን ጊዜ ጠላኋቸው። ዛሬ ያቺን አንድ ከሰዓት ስላተረፉልኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን ዘይቱን ስሞላ አባቴ በሕይወት አልነበረም፣ ይኼ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የለቀስተኛው እግር እስኪቀንስ ሞተሩን ዞር ብዬ አላየሁትም። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ጋሼ ወደ ግቢያችን ገቡ። እኔ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ማሽኑ አጠገብ በርከክ ብለው የዘይት መለኪያውን መዘዙ፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ብርሃን አዞሩት። ለካ እነዚያን ዓመታት ሁሉ በመስኮት ያዩን ነበር።

«ንጹሕ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ያኔ ነው አባቴ የሞተብኝ።