የሁላችንም ሹራብ

መጀመሪያ ያመመኝ ባቴ ነው። ቆቦ ዳር፣ በማሽላ አገዳ በተከደነ ዳስ ሥር፣ ለመጠለያው ልጆች ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ግማሽንና ሩብን ሰሌዳው ላይ ስዬ ዞር ስል ሁለቱም ባቶቼ እንደተቀጠቀጡ ሆነው አልታዘዝ አሉኝ። ብዙ ከመቆም የመጣ መሰለኝና ተቀምጬ ቀጠልኩ። ከዚያ ራሴን ፈለጠኝ። ቀጥሎ በረደኝ። የቆቦን ቀትር የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት መንቀጥቀጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ይህን የምጽፈው በሽተኛ ለምታስታምሙ፣ በተለይ ብዙ ሆናችሁ በአንድ ቤት ለምትኖሩ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳ።

ዘመኑ የድርቁ ነበር። ከዋጃም ከሮቢትም ገጠር ሰው ወደ ቆቦ ይጎርፋል፤ በአውራ ጎዳናው ላይ ደግሞ ወታደር የጫነ መኪና ወደ ሰሜን ይጎርፋል። እኛ በመጠለያው የምንሠራ ሦስት ነበርን። ማኅበራችን በብዙ አገር ቤቶች ያሉት የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ነው። የቤታችን አለቃ ሲስተር ክላራ ከማልታ የመጡ አረጋዊት ናቸው። ሲስተር አግነስ ነርስ ናት፤ ከደቡብ ህንድ። እኔ ከሆሳዕና የመጣሁ፣ የመጀመሪያ መሐላዬን ገና ያልፈጸምኩ አስተማሪ ነበርኩ። አግነስ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አይዞህ» ትላለች። በሽተኞቹ ሴቶች ይስቁባትና እሷ መርፌ ካልወጋችን ይላሉ።

ማኅበራችን አንድ ልማድ ነበረው። «የእኔ» የሚባል ነገር የለም። ሳህኑም መጽሐፉም ልብሱም የቤቱ ነው። ከጸሎት ክፍሉ በር ጀርባ በተመቱ ምስማሮች ላይ ግራጫ የሱፍ ሹራቦች ይሰቀላሉ። ማለዳው ይበርዳልና ወደ መጠለያው የምትወጣ እኅት እጇ የነካውን ታጠልቃለች፤ በሽተኛ አቅፋ፣ አጥባ፣ አጉርሳ ስትመለስ መልሳ ትሰቅለዋለች። ከሰዓት ሌላዋ ያንኑ ትለብሳለች። መምረጥ ራስን መውደድ ነው ተብለን ተምረናል። እኔ ከሁሉም ልማዶቻችን ይህን እወድ ነበር።

በመጠለያው ገንፎ የሚያገነፉ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የዋጃ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን የሹራቤን እጅጌ ያዝ አደረጉና፣

«ይሄ ትናንት ህንዷ የለበሰችው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ነው እትዬ። የሁላችንም ነው።»

«ወይ ጉድ። ባል የላችሁ፣ ልጅ የላችሁ። ሹራብም የላችሁ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማስረዳት ስለምወድ የድህነት መሐላ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እናንተስ ወዳችሁ ማላችሁ» አሉ ገንፎውን እያማሰሉ። «እኛን ያስማለን ድርቁ ነው።»

ባቴን ያመመኝ ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው።

የመጠለያው ዶክተር ጣቴን ወግቶ ደም ወሰደና ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። «ግርሻ ነው» አለ። ግርሻ ስሙ እንደሚለው ለቆ የሚመለስ ትኩሳት ነው። የሚያመጣው ቦረሊያ የሚባል፣ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል የሚኖረው ገላ ላይ ሳይሆን ስፌት ውስጥ ነው፤ ሱፍ ደግሞ ይመቸዋል። ዶክተሩ ሹራቤን አስወልቆ የብብቱን ስፌት ገልብጦ ለሲስተር ክላራ አሳያቸው።

«የማን ነው?»

«የሁላችንም ነው።»

«ማን ማን ለብሶታል?»

«ሁላችንም» አሉ ሲስተር ክላራ። ድምፃቸው ወረደ።

«ሁሉንም ቀቅሉት። ከዛሬ ጀምሮ አንዱን ልብስ የሚለብሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የግርሻ መድኃኒት ራሱ አደጋ አለው። ተሕዋሱ በደም ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲሞት ሰውነት ይናወጣል። መጀመሪያ ብርድና መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሚያቃጥል ትኩሳት፤ በመጨረሻ ትኩሳቱ ሲወርድ የደም ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ሰው ተሻለው የሚባለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ የሚሞተውም በዚህ ላይ ነው።

ቴትራሳይክሊን ሰጡኝ። ተንቀጠቀጥኩ። አልጋው ተንቀጠቀጠ። ጥርሴ ምላሴን ነከሰው። አግነስ ደረቷን ደረቴ ላይ ጥላ ያዘችኝ። «አይዞህ» አለችኝ። ነደድኩ። ከዚያ ላብ። ከዚያ ድካም። ሰው መሆኔን ረሳሁ። አግነስ እጄን አልለቀቀችም። ተርፌ ወጣሁ።

እኔ ተኝቼ ሳለሁ ሲስተር ክላራ ሹራቦቹን በበርሜል ቀቀሉ። ሲደርቁም አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው በየአንገታቸው ክር ሰፉባቸው፤ ለእኔ ቀይ፣ ለራሳቸው ነጭ፣ ለአግነስ አረንጓዴ። በማኅበሩ ውስጥ ባረጁበት ዘመን ሁሉ ለአንዲት እኅት ይህ ያንቺ ነው ብለው አያውቁም። ሲሰፉ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። አግነስ የራሷን ተቀብላ አጠለቀችና «እንግዲህ ሀብታም ሆንኩ» አለች። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ባቷን ታሽ ጀመር።

እኔና ሲስተር ክላራ እጇን አየን።

ዶክተሩ ደሟን አየ፤ ያው ነው። ደረቷንም አዳመጠ፤ ብዙ ቆየ።

«ልብሽ ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል?»

«በልጅነቴ። ዳነ ብለውኝ ነበር።»

ሲስተር ክላራን ወደ ውጭ ጠራቸው፤ የሕክምና ድንኳኑ ሸራ ቀጭን ነውና እኛም ሰማን። «ይህ ልብ መናወጡን የሚችል አይመስለኝም። ደሴ ኦክስጅን አለ። እዚያ ትታከም።»

በመኪና ይዘናት ወጣን። ከኋላ ወንበር ከእኔ በቀር የሚይዛት አልነበረም፤ እኔም ገና አልጠናሁም። ጎብዬ ላይ ኬላው መለሰን።

«መንገድ ዝግ ነው» አለ ወታደሩ።

«በሽተኛ አለች» አሉ ሲስተር ክላራ።

አጎንብሶ አያት። «እያየሁ ነው እማሆይ። ትእዛዝ ነው። ነገ ሞክሩ።»

በማግሥቱም ዝግ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አፍንጫዋ ደማ። ዶክተሩ መጣ።

«ካልሰጠኋት በሽታው ይገድላታል» አለ። «ከሰጠኋት መድኃኒቱ ሊገድላት ይችላል።»

«ስጠኝ» አለች አግነስ። ነርስ ናት፤ የሚሆነውን ታውቃለች።

አሳንሶ ሰጣት። ተንቀጠቀጠች። በእኔ ላይ እንዳደረገችው ደረቴን ደረቷ ላይ ጣልኩ። አለፈ። ነደደች። አለፈ። ሲስተር ክላራ ማመስገን ጀመሩ። ዶክተሩ አላመሰገነም፤ የግፊት መለኪያውን ደጋግሞ ይነፋል። ላብ መጣ። ግሉኮሱ ይንጠባጠባል። «በረደኝ» አለች። ሹራቧን አለበስኳት። ከንፈሯ ነጣ። ዶክተሩ መለኪያውን ነፋ። ድጋሚ ነፋ። ከዚያ ከክንዷ ላይ ፈታው።

በግቢያችን ቀበርናት። የመጠለያው ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መቆም የሚችለው ሁሉ ተሸከማት። እትዬ ዘሃራ አጠገቤ ነበሩ።

«እናቷ ሰምታለች?» አሉኝ።

«ገና ነው።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ቆሙ።

የእኔ ማገገም ረጅም ነበር፤ ትኩሳቱ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጣና ለቀቀኝ፣ ፀጉሬ ረገፈ፣ እህል መቅመስ ስጀምርም እስከ ዳሱ ለመሄድ ግድግዳ መደገፍ ነበረብኝ። ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ክፍልፋዩን ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ ነገር ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ አልነበሩም፣ የት እንደሄዱም መጠየቅ ትቼ ነበር። መሐላዬን በጊዜው ፈጸምኩ። ጸሎት ግን እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አይመጣልኝም፤ ይመጣል ብዬም አልዋሻችሁም።

ለዶክተሩ፣ ለሲስተር ክላራ፣ ለእትዬ ዘሃራ ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ለአግነስ ያለብኝን በምስጋና መወጣት አልችልም። ምክሬ አጭር ነው። ባትና ራስ አብሮ ሲያም፣ ትኩሳትም ሲጨመር፣ ደም አስመርምሩ። ልብሱን ቀቅሉ፤ ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። ልቡ ታሞ የሚያውቅ ካለ ከመድኃኒቱ በፊት ለሐኪሙ ይነገር። መድኃኒቱን የወሰደውን፣ ተሻለኝ ቢላችሁም፣ ላቡ ደርቆ ግፊቱ እስኪመለስ ድረስ ብቻውን አትተዉት። አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ጸልዩ፤ ልብስ ግን ለየብቻ ይሁን።

በማኅበራችን የሞተች እኅት ዕቃ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የአግነስንም ሹራብ ቀቅለን ምስማሯ ላይ ሰቀልነው። በሚቀጥለው ዓመት በእሷ ቦታ ከኬንያ አዲስ ነርስ ተላከችልን። በመጀመሪያው ማለዳ ብርድ ሲሰማት በማኅበሩ የቆየ ልማድ መሠረት እጇን ወደ ምስማሩ ዘረጋች፤ አረንጓዴውን ክር አየችና ቆመች።

«ይሄ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሲስተር ክላራን አየኋቸው። የሁላችንም ነው ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«የአግነስ ነው» አሉ፤ የራሳቸውንም ሹራብ ሊሰጧት አወለቁ፤ ግን መጀመሪያ ሊቀቅሉት ወደ በርሜሉ ወሰዱት።