ግድግዳው ውስጥ የነበረው ዝናብ

ተድሬ የገባሁበት ቤት ጎማ ነበረው። ይህን ስናገር ዛሬም የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ የመንገድ ጥገና ሠራተኞች በሰፈሩበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ነጭ ተሳቢ ቤት ቆሞ ነበር። የቢሮ ሰዎች ካራቫን ይሉታል፤ እኛ ግን ባለጎማው ቤት ነበር የምንለው። መንገዱ ሲሠራ አንድ መሐንዲስ ይኖርበት ነበር አሉ። እሱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቤቱ መንገድ የሚደለድለውን ግሬደር ለሚነዳው ለባለቤቴ ተሰጠው። እኔም የአባቴን የቀርከሃ ቤት ትቼ፣ ሁለት የብረት ደረጃ ወጥቼ ገባሁበት።

ከውጭ ቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ ኮምፔርሳቶ የሚሉት ስስ ጣውላ ለብሷል። በሁለቱ መካከል ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል? ግድግዳ ግድግዳ ነው።

ስራመድ ቤቱ በትንሹ ይወዛወዛል። መጀመሪያ ሰሞን ያዞረኝ ነበር፤ በኋላ ግን ወደድኩት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጥርባ ሐይቅ በኩል ይመጣና ሜዳውን፣ በርሜሎቹን፣ የጎረቤት ጎጆዎችን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። በመስኮት ስመለከት ምድር የለችም። ያን ጊዜ ቤቱ ቀስ ብሎ ተነሥቶ መሄድ የጀመረ ይመስለኛል። ልጄን ታቅፌ እቀመጣለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል፤ እኔ ወዴት እንደምንሄድ ሳልጠይቅ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ጉሙ ሲገለጥ ግሬደሩ እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ ሳየው ቅር ይለኝ ነበር።

ጢስ ደግሞ የለም። ዓይኔ በጢስ እየተቃጠለ ያደግሁ ሰው ነኝና ጢስ የሌለበት ቤት ገነት መሰለኝ። ማድቤቴ ውጭ ዳስ ውስጥ ነበር። ቤቱ ነጭ፣ ልብሴ ነጭ፣ እኔም አፍንጫዬን ነፋሁ። ከመንገዱ ማዶ ጎጆዋ የሚያንጠባጥብባት ጎረቤቴ እንስራና ገበቴ ስትደረድር ባየሁ ቁጥር፣ «እኛስ ዝናብ የምንሰማው ውጭ ሲሆን ነው» እላት ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልጄ የሰባት ወር ሴት ነበረች። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ፤ ክርስትና ሳይነሣ ቀበርኩት። ስለዚህ ይህችኛዋ ስታነጥስ እንኳ ቆሌዬ ይገፈፋል። በሰኔ ሚካኤል ሰሞን ማሳል ጀመረች። ቀላል ሳል ነው፣ የብርድ ነው፣ ልጅ ሁሉ የሚስለው ዓይነት። እኔ ግን ሦስት ቀን አልታገሥኩም፤ አፈር በሚጭን መኪና ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድኩ፤ ከዚያም በጋሪ ጤና ጣቢያ። ድሬሰሩ ደረቷን አዳመጠና ሽሮፕ ሰጠኝ። «ከነፋስ ጠብቂያት» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን አንድ ነገር ከታዘዝኩ አሳንሼ መሥራት አልችልበትም።

እንደተመለስኩ ነፋስ የሚገባበትን ፍለጋ ጀመርኩ። መስኮቱ ደህና ነው፤ በሩም ደህና ነው። ቤቱን ከውጭ ስዞረው ግን፣ ከግድግዳው ግርጌ፣ ዙሪያውን፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ተደርድረው አገኘሁ። እኒህ ናቸው ልጄን የሚገድሉት አልኩ። እናቴ የላከችልኝ ድቡልቡል ሰም ነበረኝ። በእኛ አገር ቅል ሲሰነጠቅ በሰም ይደፈናል፤ ይኸው ነው የማውቀው። ሰሙን በእጄ እያሞቅሁ አንዲትም ሳላስቀር ደፈንኳቸው። ስጨርስ ጀርባዬ ተቆርጧል፤ ልቤ ግን ሞልቷል።

ከውስጥ ደግሞ ጋዜጣ ለጠፍኩ። ያኔ ጋዜጣ የለጠፈ ቤት ያማረ ቤት ነበር፤ ብርድም ይከለክላል ይባላል። ከካምፑ ቢሮ አሮጌ ጋዜጣ ለምኜ፣ የዱቄት ሙጫ አፍልቼ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። የልጄን አልጋ ከመስኮቱ አርቄ ማዕዘኑ ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። አጠገቧ ጋዜጣው ላይ የአንድ ገበሬ ሥዕል ነበረ፤ ስትነቃ እሱን እያየች ትስቃለች። ባለቤቴ ናዳ የዘጋውን መንገድ ሲከፍት ሰንብቶ ቅዳሜ ሲመጣ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ቤተ መንግሥት አደረግሽው» አለኝ። ያን ሳምንት ሙሉ መሬት አልረገጥኩም።

ሳሉ ግን አልሄደም። ሐምሌ ሲጋመስ ወፍሮ ወፍሮ የትልቅ ሰው ሳል ሆነ። ስትስል ጎኗ ይሰረጉዳል። ጎረቤቶች ዓይን ነው አሉ፤ ጤና አዳም አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ሽሮፑ አለቀ፤ ሌላ አስመጣሁ፤ እሱም አለቀ። ቤቱ ውስጥ አንድ ሽታ ነበር፣ ተነክሮ የተረሳ ጨርቅ ሽታ። የሽንት ጨርቋ ነው ብዬ አሥር ጊዜ አጠብኩ። በአልጋዋ በኩል ጋዜጣው እዚህና እዚያ አበጠ፤ ገበሬው ጉንጩ ተነፋ። ሌላ ጋዜጣ ደረብኩበት።

ጉሙ ያኔም ይመጣል፤ ቤቱም ያኔ ይሄዳል። ግን አሁን ወዴት እንደሚሄድ እፈራው ጀመር። ልጄን ታቅፌ፣ ሳሏን እየሰማሁ፣ አውርደኝ ብዬ የምጮህለት ሹፌር ያጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አባቴ በፈረሳቸው መጡ። ቀርከሃ ሠሪ ነበሩ፤ ቤት፣ ቅርጫት፣ ጎተራ፣ ከቀርከሃ የማይሠሩት አልነበረም። ተድሬ ከሄድኩ ጀምሮ ቤቴን አልረገጡም፤ ጎማ ያለው ነገር ጋሪ እንጂ ቤት አይደለም ይሉ ነበር። የልጅቷን መታመም ሲሰሙ ግን ደረጃውን ወጡ። ልጅቷ ሳለች። የዝንብ ጭራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና ማሽተት ጀመሩ፤ አዳኝ ውሻ እንኳ እንደዚያ አያሸትም።

«አንች» አሉኝ፤ «ልጅቷ የት ነው የምትተኛ?»

«እዚያ ማዕዘኑ ላይ፣ አባባ።»

ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ። በበሩ በኩል ሲመቱት እንደ ከበሮ ጮኸ። በመስኮቱ በኩልም ጮኸ። በልጄ አልጋ በኩል ግን ድምፅ የለውም፤ የጠገበ ሆድ እንደመምታት ነው። ቀርከሃ ሲገዙ ሁሌ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ደንቆሮ ቀርከሃ አይገዙም።

«አሞሌ አለሽ?» አሉኝ።

ጨው ሰጠኋቸው። አራት ቦታ ሰብረው አራቱም ማዕዘን ላይ በቅጠል በቅጠል አስቀመጡ። «በሩን ዝጊና ልጅቷን ይዘሽ ነይ» ብለው አወጡን። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ እሳቷ ዳር ስፍራ ለቀቀችልን። እኔ ስንቴ የተኩራራሁባት ሴት ለልጄ ደረቅ ቁርበት አነጠፈች። በኀፍረት ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በሩን ከፈትን። ሦስቱ ጨው ላብ ላብ ብሏቸዋል፤ ክረምት ነውና ያለ ነው። የልጄ አልጋ ሥር ያለው ግን ቅጠሉ ላይ የለም። ውሃ ሆኖ ወለሉን ይዞ ሄዷል።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አሉ አባቴ። ቢላቸውን አውጥተው ጋዜጣውን ቀደዱት። ከሥሩ ያለው ጣውላ ጠቁሯል፤ ሻጋታው እንደ በግ ጠጉር በቅሎበታል። ቢላው ያለ ጉልበት ገባ፤ እርጥብ ዳቦ የወጉ ይመስላል። እኔ ሥዕሉን እያየች ትስቃለች ስል፣ ልጄ ለካ አፍንጫዋን እዚያ ላይ አድርጋ ነበር ክረምቱን የተነፈሰችው።

አባቴ ወደ ውጭ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ጎንበስ ብለው ግርጌውን ሲዳስሱ ቢጫዎቹን ነጥቦች አገኙ። አንዷን በጥፍራቸው ፋቁና አሸተቱ። የሰም ሽታ እሳቸው ይጠፋቸዋል? ቀና ብለው አዩኝ። በቢላቸው ጫፍ ሰሙን ነቀል ሲያደርጉት ቡናማ ውሃ ፈስሶ እግራቸው ላይ ወረደ። ሁለተኛዋን ነቀሉ፤ ከዚያችም ፈሰሰ። ፈሰሰ፣ ፈሰሰ። ሰኔ የዘነበው፣ ሐምሌ የዘነበው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲንጫጫ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ዝናብ ሁሉ ነሐሴ ላይ ከግድግዳዬ ወጣ። ቆሜ ሳየው ሕልም እንጂ የገዛ ቤቴ አልመሰለኝም።

ያኔ ገባኝ። ጣሪያው ከመገጣጠሚያው ላይ ቀድሞም ያስገባ ነበር። ቤቱን የሠራው ሰው ሞኝ አልነበረምና የሚገባው ውሃ እንዲወጣ ቀዳዳ ትቶለታል። መውጫውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ያሳመመቻት እናቷ ናት።

ባለቤቴ በዚያው ሰዓት ከሥራ ደረሰ። ውሃውን አይቶ ደነገጠ። «ኧረ ምንድን ነው ይኼ አባባ? ከየት መጣ?»

አባቴ ሰሙን በመዳፋቸው ጨብጠው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ጣሪያው ነው» አሉት። «አርጅቷል። ና ውጣና አሳይሃለሁ።»

ውሸት አልነበረም። ግማሹን ነው የተናገሩት። ሌላውን ግማሽ ለባለቤቴ ለመንገር እኔን ዓመታት ወሰደብኝ።

ባለቤቴ የጣሪያውን መገጣጠሚያ ሁሉ በሬንጅ ደፈነ። የበሰበሰውን ጣውላ ነቅለን አቃጠልነው። በምትኩ አባቴ የቀርከሃ ምንጣፍ ሠርተው፣ ከቆርቆሮው አንድ ጣት አርቀው፣ ነፋስ መሐሉን እንዲያልፍ አድርገው ሰቀሉት። አልጋው ከግድግዳ አንድ ክንድ እንዲርቅ አዘዙ። ቀዳዳዎቹን ለእኔ ሰጡኝ፤ ስል የቀርከሃ እንጨት ሠርተውልኝ፣ «በየሳምንቱ ወጋ ወጋ እያደረግሽ፤ ትንኝም አትዝጋቸው» አሉኝ። ይህ ሁሉ አልበቃቸው ብሎ ካራቫኑ ላይ የሣር ክዳን እሠራለሁ ብለው ተነሡ። ሣሩን በፈረስ አስጫኑ፤ አራት ምሰሶ አቆሙ። ዳንግላ የሚወርዱ የመኪና ሰዎች ፍጥነት ቀንሰው ይስቁብን ነበር። ጎማ ያለው ጎጆ ከየት ይገኛል?

ልጅቷ ጎረቤቴ ዘንድ፣ እኔና እሷ እየተፈራረቅን እያቀፍናት፣ እሳት ዳር ከረመች። ጢስ ነበረ፤ ግን ደረቅ ነበር። ሳሉ ቀነሰ፤ ከዚያ አገረሸ፤ ደግሞ ቀነሰ። ጳጉሜ ላይ ወደ ቤታችን መለስናት። አዲሱ የቀርከሃ ግድግዳ ገና አረንጓዴ ሽታው አልለቀቀውም።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን አስተኝቻት በር ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ጉሙ ሜዳውን ይዞታል። አባቴ ከላይ ክዳኑን ያስራሉ። ድንገት ጸጥታው ተሰማኝ። ከሰኔ ጀምሮ ቤቴ ሳል ያልነበረበት ሰዓት አልነበረም፤ ሳሉ ሲመጣ እጠላዋለሁ፣ ሲዘገይ ደግሞ እጠብቀዋለሁ። አሁን የለም። ጆሮዬን ጣልኩ። የለም። ወንዱ ልጄም የሄደው እንዲህ ጸጥ ብሎ ነበር።

ምስሩ ከጭኔ ላይ ተበተነ። ገብቼ ከእነ ጨርቋ ከአልጋው መነጨቅኳት።

ዓይኗን ገለጠች፤ እንቅልፏን የቀማኋትን እኔን አየችኝና እሪ አለች፤ በሙሉ ደረቷ፣ አንድም ሳል ሳይቆራርጠው፣ ቤቱን ሁሉ እስኪሞላው።

«ምን ሆነች?» ብለው አባቴ ከጣሪያው ላይ ጮኹ።

ከወለድኳት ጊዜ ጀምሮ ስታለቅስ ሳላባብላት የቀረሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና ለቅሶዋን እስክትጨርስ ድረስ አዳመጥኩ።