የሚላጠው ግድግዳ እና ወንፊት

ግድግዳው በየዓመቱ ይለሰናል፤ በየዓመቱም ይላጣል። የአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ሰሜናዊ ግድግዳ አሥራ አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ተለስኖ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቋል። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ማለት ይኼ ነው። ልስኑ ብቻውን ቢወድቅ እንኳ ግድ የለም፤ ግን ሲወድቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳው በየክረምቱ ይከሳል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ወፋፍራሞቹ የታሪክ መጻሕፍት ጀርባቸው ሻግቶ፣ ሲገለጡ የእርጥብ ጫማ ሽታ ይሸታሉ።

ይህን ለማስቆም የተነሣችው ለሳኝ በሠፈርም በሥራ ቦታም ወንፊት ትባላለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። አሸዋ ሳትነፋ አትነካም፣ ወሬ ሳትነፋ አትሰማም፣ ሰውም ሳትነፋ አትቀርብም። አብዛኛው ሰው ደግሞ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ግድግዳው ለምን እንደሚላጥ ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ቤቱን የሠሩት ሰዎች የሚያውቁት ኖራ ነው። ነጩን ድንጋይ በምድጃ ያቃጥሉታል፤ እሳቱ ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ አየር ያስወጣል። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ እየፎከረ ይፈላል፤ ከዚያ በርዶ እንደ እርጎ ይረጋል። ይህ እርጎ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ እሳቱ የነጠቀውን አየር ከነፋሱ ላይ ቀስ እያለ መልሶ ይጠጣና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ የነበረ ነገር ረግቶ፣ ተቦክቶ፣ ተመልሶ ድንጋይ! ወንፊት ይህን ስታስረዳ እጆቿ አያርፉም፤ ሰሚው ቢያዛጋም አታቆምም።

እንዲህ ያለው ልስን ይተነፍሳል። ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚወጣው እርጥበት በልስኑ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን የላስቲክ ካፖርት ነው። እርጥበቱ ከጀርባው ይታፈናል፤ የያዘው ጨው እዚያው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ፣ የሚሸነፈው ምስኪኑ ድንጋይ ነው።

በየዓመቱ የሚለስነው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ለዓለም ችግር ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው። ልስኑ ወደቀ? ሲሚንቶ ይጨመር። ዘንድሮም ወደቀ? እንግዲያው አምና ያነሰው ሲሚንቶ ነው። በጥም ለሚቃጠል ሰው ጨው የሚያጎርስ ሐኪም ቢኖር፣ ከወንፊት ወንድም ጋር አንድ ቢሮ ይጋራ ነበር።

ዘንድሮ ሥራው ሊጀመር ሲል ወንፊት ግቢው ውስጥ ወንድሟንና የሕንጻ ጽሕፈት ቤቱን መሐንዲስ አገኘቻቸው። ኖራ ይሞከር ብላ ጠየቀች።

«ማዘር፣ በኖራ ዘመን አይደለንም እኮ» አለ መሐንዲሱ፣ ጫማው እንዳይቆሽሽ ጣውላ ላይ ቆሞ።

«ልጄ፣ ግድግዳው ግን እዚያው ነው ያለው። ዘመኑ መለወጡን ማንም አልነገረውም።»

ወንድሟ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እህት ዓለም፣ እዚህ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን ሲሚንቶ የለጠፈው አባታችን ነው። አሁን እሱን ልትፍቂው ነው?»

«ያቦካሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አንተ ያኔ ጣራው ላይ ወጥተህ ሲጋራህን ታጨስ ነበር።»

መሐንዲሱ የወንድምና የእህት ጭቅጭቅ ሰልችቶት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ሰጣት፤ ከምትጨቀጭቀው ትለስን ብሎ። ውሉ ግልጽ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ኮሚቴ ይመጣል። በዚያ ቀን የወንፊት ልስን ደህና ሆኖ ከተገኘ ሰሜኑ ግድግዳ በኖራ ይሠራል። ከወደቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ሕንጻው ዙሪያውን በሲሚንቶ ይሸፈናል። ይህ ማለት፣ የድሮው ልስን እስከ ዛሬ ያልወደቀባቸው ሦስቱ ግድግዳዎች ሳይቀሩ ተፍቀው ካፖርቱን ይለብሳሉ። ወንፊት እንቅልፍ ያጣችው ለነዚያ ለሦስቱ ነው።

መጀመሪያ የድሮ ሰዎች ስንት እጅ ኖራ፣ ስንት እጅ አሸዋ እንደጨመሩ ማወቅ ነበረባት። ከበሩ መቃን ጀርባ፣ ሲሚንቶ ደርሶ ከማያውቅበት ጥግ፣ አንድ ቁራጭ የድሮ ልስን በመሮ ፈለቀቀች። ከቅመም ነጋዴ ጎረቤቷ በተዋሰችው ሚዛን መዘነችው። ከዚያ ሰባብራ ጠንካራ ኮምጣጤ ውስጥ ጨመረችው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮምጣጤ ኖራን ይበላል፣ አሸዋን ግን አይበላም። ቁራጩ አረፋ እየደፈቀ ሁለት ቀን ቆየ። አረፋው ሲያበቃ የቀረውን በጨርቅ አጥልላ፣ አድርቃ፣ እንደገና መዘነች። ከአሥሩ እጅ የቀረው ሦስት እጅ ጥቁር አሸዋ ብቻ ነበር።

«ሰባት እጅ ኖራ!» ብላ ወንድሟ ዘንድ ስልክ ደወለች። «የድሮ ሰዎች እንዳንተ ቋጣሪ አልነበሩም፣ ጋሼ!»

በዚሁ ልክ አቦክታ ለሰነች። ልስኑ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። ወንፊትም ሳምንት ሙሉ አላፊ አግዳሚውን እያስቆመች ጉንጩን አስዳሰሰች። ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ተቋራጮች፣ ስለ መሐንዲሶችና ጣውላ ላይ ስለሚቆሙ ጫማዎች ያልተናገረችው አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ልስኑ ተሰነጠቀ፤ እንደ ደረቀ ኩሬ ወለል ከዳር እስከ ዳር።

ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተመለከተው። «እህት ዓለም፣ ይኼ ልስን ነው የከተማው ካርታ? መንገዱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?»

«በመጨረሻው ስንጥቅ በኩል ታጥፈህ ገደል ግባ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ አባዬ ይል የለ?»

መሐንዲሱ ስልኩን አውጥቶ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አነሣ። አሥራ አንዱ የሲሚንቶ ልስኖች ሲወድቁ አንዱንም ፎቶ አንሥቶት አያውቅም።

ወንፊት ቁራጭ ልስኗን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። የመጻሕፍቱ ኃላፊ አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ በአጉሊ መነጽር ያነባሉ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ኮምጣጤውን፣ ሚዛኑን፣ ሰባቱን እጅ። ነግራቸው ስታበቃ ሴትየዋ ጠየቋት።

«እስቲ ቆይ፣ ልጄ። አሟምተሽ የተረፈውን ነው የመዘንሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ መጽሐፍ ገልጬ ነው የማነበው። አንቺ መጽሐፉን ቀቅለሽ፣ ድስቱ ውስጥ የቀሩትን ፊደሎች ቆጠርሽ። መጀመሪያ አይተሽው ነበር?»

ወንፊት አላየችውም ነበር። ያ ሁሉ ወንፊት፣ ያ ሁሉ ምላስ፣ ግን ቁራጩን በዓይኗ አላየችውም። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ከበሩ መቃን ጀርባ ሌላ ቁራጭ አምጥታ፣ በውሃ አርሳ፣ ከሴትየዋ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጠችው። ከነጩ ኖራ መሐል ሌላ ነጭ ነበር፤ ጠርዙ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የተፈጨ ድንጋይ። የድሮ ሰዎች ኖራ ካቃጠሉበት ከዚያው ከነጩ ድንጋይ ገሚሱን ሳያቃጥሉ ፈጭተው አሸዋ አድርገውታል። ኮምጣጤው ታዲያ ምን ያውቃል? ኖራውም ያ ድንጋይ ነው፣ አሸዋውም ያ ድንጋይ ነው፤ ሁለቱንም እኩል በላቸው።

ቁራጩን ውሃ ውስጥ በጣቷ እያፈረፈረች ነጩን ፍሬ ከኖራው ለየች። ይህ ሦስት ቀን ፈጀ። ኖራ ነው ካለችው ሰባት እጅ አራቱ ኖራ አልነበረም። ትክክለኛው ሦስት እጅ ኖራ፣ ሰባት እጅ አሸዋ ነው፤ እሷ ያደረገችው ልክ ግልባጩን። ኖራ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚደግፈው አሸዋ ከሌለ መሰንጠቁ የት ይቀራል! በነዚህ ሁሉ ዓመታት ወንድሟ ያልሠራውን ስሕተት እሷ በአንድ ቀን ሠራችው። ይህን ለራሷ ስትነግረው ለወንድሟ ከምትናገረው በላይ ይመርር ነበር።

መሐንዲሱ ዘንድ ሄዳ ስሕተቷን ሳትደባብቅ ነገረችው።

«ማዘር፣ ኮሚቴው የሚያየው በቀኑ ግድግዳው ላይ ያለውን ነው። ቀኑ አይለወጥም።»

«ይበቃኛል» አለች። ያንን የሕፃን ጉንጭ በገዛ እጇ እስከ ድንጋዩ ፍቃ ጣለችው።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ድንጋይ በመዶሻ ትከሰክሳለች። ክስክሱን በሦስት ወንፊት ትነፋለች፤ ሻካራው ለታችኛው ሽፋን፣ መካከለኛው ለሁለተኛው፣ ደቃቁ ለላይኛው። ሁለቱን ሽፋኖች ለስና በእርጥብ ጆንያ እየሸፈነች አቆየቻቸው። ኖራ ከነፋሱ አየር የሚጠጣው ራሱ እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ስለሆነ፣ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የወንድሟ ሲሚንቶ ግን ገና ካሁኑ ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተቆልሏል። እሱም በየጧቱ እየመጣ ስንጥቅ ይፈልጋል።

የላይኛውን ሽፋን ትናንት ለጠፈች። ኮሚቴው ሊመጣ ስድስት ቀን ቀርቷል። ዛሬ ጧት በታችኛው ጥግ ፀጉር የምታክል መስመር ወጣች፤ ቀድሞ ያያት ወንድሟ ነው።

«ካርታው ጀመረ!»

«ዓይንህን ከማፍጠጥ ባልዲውን አቀብለኝ፣ ጋሼ።»

ባልዲውን አቀበላት። ከዚያም አላስችል ብሎት፣ «ውሃ አታብዢበት» አለ፤ ኖራ ነክቶ የማያውቅ ሰው።

ኖራ ገና እርጥብ ሳለ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ ይዳናል፤ ውሃ ረጭቶ፣ በእንጨቱ ማለስለሻ አጥብቆ እየጫኑ በክብ በክብ ማሸት ነው። ወንፊት በጉልበቷ ተንበርክካ ትረጫለች፣ ታሻለች፣ ቆም ብላ ታያለች፣ ደግሞ ታሻለች። መስመሯ ከሥር ወደ ላይ እየተዘጋች ነው፤ የቀረችው አንድ ጣት ያህል ናት።