የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ

ትናንት ሰበታ ባለው ቤቴ ሽንኩርት ስልጥ ስስ ሽፋኑ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ።

ሱሉልታ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን እንዲህ ያለውን ልጣጭ አዮዲን ጠብ አድርገውበት፣ ማይክሮስኮፑን ፀሐይ እንዲያገኝ በረንዳ ላይ አወጡት። ተራዬ ሊደርስ ሲል አባቴ መጣ። ድንች የሚቆፍርለት ሰው አጥቶ ሊወስደኝ ነበር። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳልነቅል ደብተሬን አነሳሁ።

መምህሩ ይህን አይተው፣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ መጀመሪያ እስቲ እርስዎ ይዩት» አሉት።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ቶሎ ቀና አላለም።

«ያ ዋቅ! ይሄ እኮ የጡብ ግንብ ነው!»

«እያንዳንዱ ክፍል ሴል ይባላል» አሉት መምህሩ።

«በሩስ የታል? ውሃው በየት ይገባል?»

«በግድግዳው ሰርጎ።»

«ስንቱን ቤት ስበላ ኖሬያለሁ!» ብሎ ልጆቹን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ እኔን ወደ ማይክሮስኮፑ ገፋ አደረገኝ።

ወርቃማ ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አባቴ ጆሮዬ ሥር፣ «አየሽ? በየክፍሉ ያለችውን ነጥብ አየሻት?» ይለኛል።

ድንቹ ያን ቀን ይቆፈር አይቆፈር ትዝ አይለኝም። ቀና ስል ግን አባቴ ከልጆቹ ኋላ እንደገና ተሰልፎ ነበር።