የዳቦ ቤቱ ጥያቄ

የቢዝነስ መምህሩ ከኋላ የሚቀመጡትን ሴት ወረቀት ሲያርም ደሙ ይፈላል። እናቱን ያህላሉ። እርሳሳቸውን በቢላ ይቀርጻሉ፤ ክንዳቸው ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ እጅጌያቸውን እየጎተቱ ይሸፍኑታል። ጥያቄው ምንም ይሁን፣ የሚጽፉት ከመጽሐፉ የሸመደዱትን ትርጉም ነው። ቢነግራቸው ቢነግራቸው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ዛሬ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እትዬ፣ ጥያቄው ‹ይህ ዳቦ ቤት ለምን ከሰረ?› ነው የሚለው። ታሪኩን አንብበው ምክንያቱን ይጻፉ እንጂ፣ የኪሳራን ትርጉም ማን ጠየቀዎት?»

እሳቸው እጅጌያቸውን ጎተቱ።

«ምክንያቱማ ገና ሳነበው ገብቶኛል፣ ልጄ። የኛም ዳቦ ቤት የተዘጋው እንዲሁ ነው። ያኔ ቀድሜ ለባለቤቴ ብነግረው፣ ‹አንቺን ማን ጠየቀሽ?› አለኝ።»