ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስመለስ ዝናብ ያዘን። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርገው ከውጭው ዝናብ ሌላ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የድሮ ዝናብ ከሬዲዮው ውስጥ ተሰማኝ፤ ከሥሩም ፒያኖ። ወዲያው አወቅኳት፤ አክስቴ ታደለች ነበረች።

ወንድሜ ከሣጥኗ አውጥቶ በኢንተርኔት የለቀቃቸውን ካሴቶች አንድ የአዲስ አበባ ሐያሲ እያሞገሰ ነው። እነዚያን ከባድ የፈረንጅ ሥራዎች ብቻዋን እንዴት እንደተወጣቻቸው፣ ግራ እጇ ሳይቸኩል እንዴት እንደሚናገር ሲያስረዳ ቃል አጠረው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አክስቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት እርጥብ ሹራብና እርጥብ ጣውላ በሚሸተው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ፈረንጆች ትተውት ከሄዱት ፒያኖ ፊት ትቀመጣለች፤ እኛ ልጆች ከኋላ ወንበር ሆነን የተቀቀለ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ እየላጥን እንሰማታለን። ክብር ለጌታ ብቻ ነውና እሷን ማመስገን ነውር ነበር። ስትጨርስ በጭብጨባ ፋንታ ሽማግሌው ጋሽ ዳና ይነሡና ትዕቢት እንዳይዛት በወላይትኛ ይጸልዩላታል፤ ጨዋታዋ ባማረ ቁጥር ጸሎቱ ይረዝማል። እኛም ጥሩ መጫወቷን የምናውቀው ቆመን እግራችን ሲደነዝዝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን፣ የገዛ እህቷን፣ "እንዴት ነበር?" ትላታለች። "ጌታ ይመስገን" ትላለች እናቴ። አክስቴ ሌላ ቃል የሚጨመርላት ይመስል ፈገግ ብላ ትንሽ ትጠብቃለች። የሚጨመር ግን አልነበረም።

ወራት የለፋችበትን፣ ከሁሉ የከበደውን ሥራ የተጫወተች ዕለት ጋሽ ዳና "ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ጣቶች አዋርዳቸው" እስኪሉ ድረስ ጸለዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለነፍሷ ፈርተው ነው። እሷ ግን የፒያኖውን ክዳን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲያ ነክታው አታውቅም። ሁልጊዜ ከጎኗ የምታስቀምጠው ቴፕ እየቀዳ ስለነበር ጸሎቱም ካሴቱ ላይ ቀርቷል። ወላይትኛ የማያውቀው ሐያሲ ታዲያ አሁን በሬዲዮ "ልብ የሚነካ የአባት ምርቃት" አለው። የጎኔ ተሳፋሪ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ፤ ሳቅ አልነበረም።

በማግስቱ ቅጂውን በስልኬ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሪህ ጣቶቿን ቆልምሟቸዋል። ሐያሲው ያለውን ሁሉ ነገርኳት።

"ከሶዶ ሰውስ፣ ጥሩ ነው ያለ አለ?" አለችኝ።

እስካሁን አልሰማሁም አልኳት። ሙዚቃውን ስከፍትላት የሌላ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሆና አዳመጠችው። ሲያልቅ የጋሽ ዳና ድምፅ ተከተለ። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ጠበቀችና "አሜን" አለች።