«አራግፊ» የሚባለው ትከሻ

ደብረ ማርቆስ የባህል ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩበት ቀን አለቃዬ ካሜራና ድምፅ መቅጃ አስረከበኝና፣ «የጭፈራ ቃላት ትሰበስባለህ። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ምንጩን። ትርጉም የሌለው ቃል ይዘህ እንዳትመጣ» አለኝ። የቅኔ ቤት ተማሪ ስለነበርኩ ሥራው የሚከብደኝ አልመሰለኝም።

ግእዙ በእርግጥ ጠቅሞኛል። «ዘፈን» ዛሬ የጉሮሮ ነገር ነው፤ በግእዝ «ዘፈነ» ማለት ግን ጨፈረ ማለት ነው። ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ዘንበል ቀና የሚሉበት «ዝማሜ» ጎጆው ዘመመ ከምንለው ጋር ዘመድ ነው። «እስክስታ»ን ብዙ ሰው «እስክስ» ከሚለው ማሞቂያ ጩኸት ያመጣዋል፤ የተሻለ ስላላገኘሁ እኔም እንደዚያው ጻፍኩ።

«አራግፊ» ላይ ስደርስ ግን ግእዜም አላዋጣኝም። ሮብ ገበያ አካባቢ የድሮ የትከሻ ጭፈራ ስም ነው ተባልኩ። ከእህል ማራገፍ የመጣ መስሎኝ ነበር። የጠየቅኩት ሁሉ ወደ አንድ ቤት ይመራኛል፤ ወደ ወይዘሮ የሺ። በሠርግ ላይ በትከሻቸው የታወቁ፣ ሳቂታ ሴት ነበሩ።

«በአፍ አይነገርም፤ ሲያዩት ነው» አሉኝ ጠላ እየቀዱልኝ። «በጥር ልጄን እድራለሁ። ያን ጊዜ ና፣ አሳይሃለሁ።»

ልጃቸው ሠርጉ ሳይደርስ ሞተ። በምን እንደሞተ አንዱ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ሌላ። እኔ አልጠየቅኩም።

«አራግፊስ?» አለኝ አለቃዬ በዓመቱ።

«ሴትየዋ ሐዘን ላይ ናቸው።»

«ዓመት ሞላው አይደል? ካሜራውን ይዘህ ሂድ።»

ስደርስ የወይዘሮ የሺ ደጃፍ ላይ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ጎረቤት ልጁን እየዳረ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ሐዘንተኛ ጎረቤት ሳይጠየቅ የሠርግ ከበሮ አይመታም። ወይዘሮ የሺ ከል እንደለበሱ ወጡ፤ ጥቁሩ ከፀሐይ ብዛት አመድማ ሆኗል።

«እትዬ የሺ፣ ይፍቀዱልን» አሉ የሙሽራዋ አባት።

«ምቱ እንጂ! የሰው ልጅ ሠርግ በኔ ምክንያት ለምን ይቀዘቅዛል?»

አባትየው ደፈር አሉ። «እንግዲያውስ እርስዎም ይምጡልን። ዓመቱም ሞልቷል፤ መሀል ይግቡና ያራግፉ። ከሉ ይውደቅልዎ።»

የፈለግኩት ትርጉም እንዲህ ሳልጠይቅ መጣ፤ የቀረውን አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ በሹክሹክታ ሞሉልኝ። ዓመት የሞላት ሐዘንተኛ ሠርግ መሀል ትገባለች፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ «አራግፊ!» ይሏታል፤ ከሉ ከላይዋ እስኪወድቅ በትከሻዋ እስክስታ ትመታለች። ከዚያ ሐዘኑ ወጣ ይባላል። ነገሩ ከእህል ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም።

ወይዘሮ የሺ የከላቸውን ጫፍ ጨበጥ አደረጉ።

«ስንቷን ሴት መሀል አግብቼ አራግፊ ብያታለሁ» አሉ። «ምን እያልኳት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጄ አቧራ ነው እንዴ የማራግፈው?»

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ከበሮው ተመታ። ወይዘሮ የሺ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ትከሻቸው ንቅንቅ አላለም። እኔም ካሜራውን ከቦርሳው ሳላወጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልቅስ አልቅስ ብሎኝ ነበር፤ እሳቸው ሳያለቅሱ ማልቀስ ግን አፈርኩ።

«እንቅስቃሴውስ?» አለኝ አለቃዬ ትርጉሙን ሲያነብ።

«የለም።»

«ሌላ የሚያውቅ ፈልግ።»

ፈለግኩ። ስሙን የሚያውቅ ሞልቷል፤ ትከሻውን የሚያውቅ ግን አንድም አላገኘሁም። ያራገፉት ሴቶች እንኳ የወይዘሮ የሺን ትከሻ እያዩ ተከተሉ እንጂ ለብቻቸው አይችሉትም። ወይዘሮ የሺ ከሉን ሳያወልቁ ተቀበሩ።

እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ለተረከቡት ልጆች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የጭፈራ ቃል ፍለጋ ሰው ቤት ከመግባታችሁ በፊት ቤቱ ሐዘን ይኖርበት እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ካለበት ካሜራውን ቢሮ ትታችሁ ሂዱ።